የሻሊያፒን ድምፅ በሰው አገር

ግንቦት 1908፣ ፓሪስ ኦፔራ። የሙሶርግስኪ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» የመጨረሻ ልምምድ በተጋበዙ እንግዶች ፊት ሊካሄድ ነው፤ ነገር ግን አልባሳቱም የመድረክ ዕቃውም ተሟልቶ አልደረሰም። ጻር ቦሪስን የሚጫወተው የ35 ዓመቱ ሩሲያዊ ፊዮዶር ሻሊያፒን ያለ ዘውድ፣ ያለ ካባ፣ ፊቱንም ሳይቀባ የዘወትር ልብሱን እንደለበሰ ወጣ። ቦሪስ ዙፋኑን ለመያዝ አስገድሎታል የተባለው ሕፃን ልዑል በጭንቀት ሌሊት ታየው የሚባልበት ትዕይንት ላይ ሲደርስ፣ ዘፋኙ ዓይኑን አንድ ጥግ ላይ ተክሎ ማፈግፈግ ጀመረ። በትዝታ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ አንዲት የሩሲያኛ ቃል የማያውቁ ፓሪሳውያን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እሱ ወደሚያይበት ጥግ ዞሩ። እዚያ ምን እንዳለ ለማየት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ሙዚቃ ድንበር የለውም» ብለው ያልፉታል። እኔ አልስማማም። ሙዚቃ ድንበር አለው፣ ያውም ጠንካራ ድንበር። የለመደ ጆሮ ይፈልጋል፤ ቋንቋና ታሪክ ተሸክሞ ይሄዳል። ሻሊያፒን ራሱ ከዚህ ድንበር ጋር ተጋጭቶ የተመለሰበት ጊዜ አለ። ወደ 40 ዓመት የተጠጋውን የውጭ አገር ጉዞውን በቅደም ተከተል ላየው ሰው ጎልቶ የሚወጣው ነገር ሌላ ነው፤ ዓለም ቆሞ ያጨበጨበለት ሥራ አብዛኛው የተሠራው አገሩ ላይ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በጥቂት ሰዎች እጅ ነው። ውጭ አገር መድረክ ሰጠው፣ ገንዘብ ሰጠው፣ ስም ሰጠው። አዲስ ሥራ ግን ብዙም አልሰጠውም።

የልጅነቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በ1873 በቮልጋ ዳር በምትገኘው ካዛን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ የወጣ፣ መጠጥ የሚያበዛ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ልጁ ጫማ ሰፊ ዘንድ ለሙያ ተሰጠ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ዘመረ፣ በ17 ዓመቱ ኡፋ ከተማ ከአንድ ተጓዥ የኦፔሬታ ቡድን ጋር መድረክ ረገጠ። በ1892 ቲፍሊስ፣ የዛሬዋ ትብሊሲ፣ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነበር። እዚያ ዲሚትሪ ኡሳቶቭ የተባለ የቀድሞ የቦልሾይ ቴኖር ድምፁን ሰምቶ በነጻ ያስተምረው ጀመር፤ ልብስ ሰጠው፣ ገበታ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡም አሳየው። ሻሊያፒን ኮንሰርቫቶሪ ደጃፍ ሳይደርስ ያገኘው መደበኛ የድምፅ ትምህርት በአብዛኛው ይኸው ነው።

በ1895 በሴንት ፒተርስበርግ የንጉሠ ነገሥቱ ቴአትር በማሪንስኪ ተቀጠረ። ለ22 ዓመት ልጅ ትልቅ ዕድል ይመስላል። ግን ቴአትሩ የሚመራው በሹማምንት ነበር፤ ወጣት ባስ ተራውን ይጠብቃል፣ እንደ ተለመደው ይዘፍናል፣ ያበቃል። ነገሩን የለወጠው የባቡር ሐዲድ ባለሀብቱ ሳቫ ማሞንቶቭ ነው። ማሞንቶቭ በሞስኮ የራሱ የግል ኦፔራ ነበረው። በ1896 በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ኤግዚቢሽን ወቅት ወጣቱን አገኘው፤ ከማሪንስኪ ጋር የገባውን ውል በማፍረሱ የሚከፈለውን ቅጣትም በከፊል ከኪሱ ሸፍኖ ወሰደው። ከ1896 እስከ 1899 በዚያ ቤት ያሳለፋቸው ሦስት ዓመታት ለእኔ የዚህ ሰው ሕይወት ማዕከል ናቸው፤ ሚላንም ኒው ዮርክም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ለምን? በማሞንቶቭ ቤት የመድረክ ሥዕሉን የሚሠሩት ኮሮቪን፣ ቭሩቤልና ሴሮቭን የመሰሉ የዘመኑ ታላላቅ ሠዓሊዎች ነበሩ። ሻሊያፒን ፊቱን መቀባት፣ አካሉን በመድረክ ላይ እንደ ሥዕል ማቆም የተማረው አብሯቸው እየዋለ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ሜካፑን የሚሠራው ራሱ ነበር። ሁለተኛ የኦርኬስትራ መሪ ሆኖ የመጣው የዕድሜ እኩያው ሰርጌይ ራኽማኒኖቭ ደግሞ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ አስተማረው፤ የቦሪስን ክፍል አብሮት ተቀምጦ አጠናው። በ1898 በጋ የታሪክ ሊቁ ቫሲሊ ክሉቼቭስኪ ከወጣቱ ዘፋኝ ጋር ጫካ ለጫካ እየተጓዘ ስለ ቦሪስ ዘመን ሲያወጋው፣ ተንኮለኛውን መስፍን ሹይስኪን እየሆነ ይጫወትለት ነበር፤ በእርምጃው፣ በዓይኑ፣ በአነጋገሩ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለአንድ ዘፋኝ እንዲህ የሚደክምበት ዘመን ነበር።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን ከሁሉ ትበልጥብኛለች። በሪምስኪ ኮርሳኮቭ «የፕስኮቭ ልጃገረድ» ውስጥ አስፈሪው ኢቫን የአንድ ባላባት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይግባ አይግባ ብሎ የሚጠይቅባት አጭር ሐረግ አለች። ሻሊያፒን በ1896 ልምምድ ላይ ተንኮለኛና ግብዝ ሽማግሌ አድርጎ ይዘፍናታል፤ አልሆንለት ይላል። ማሞንቶቭ ከአዳራሹ ሆኖ፣ ተንኮሉም ግብዝነቱም አለ፣ የሚያስፈራው ጻር ግን የለም ይለዋል። ዘፋኙ ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ኖታው ሳይነካ የድምፁ ቃና መለወጥ ነበረበት። ከባድ፣ የሚዝት፣ ብረት ያለበት ድምፅ አውጥቶ ደገማት፤ አብረውት የሚለማመዱት ሁሉ ተለወጡ። በ1932 ባሳተመው «ጭምብልና ነፍስ» መጽሐፉ የሙያውን ቁልፍ ያገኘው በዚያች ቅጽበት እንደሆነ ይናገራል። አንድ ቃል የሚዘፈንበት ቃና ትክክል ከሆነ ገጸ ባሕርዩ ቆመ ማለት ነው፤ ቃናው ከሳተ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህን ካወቅን ስለ ድምፁ የሚነገረውን ማጋነን ቀነስ ማድረግ እንችላለን። የሻሊያፒን ባስ ከሁሉ የወፈረ ወይም ከሁሉ የጠለቀ አልነበረም። በሩሲያ አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን መካከል ከእሱ በብዙ ወደ ታች የሚወርዱ ባሶች ሞልተዋል። የእሱ ድምፅ ወደ ላይ የሚሳብ፣ ዜማ የሚችል ባስ ነበር፤ በ1904 የሩቢንስታይንን «ጋኔን» የመሰለ ለባሪቶን የተጻፈ ሚና እስከ መዝፈን ደርሷል። ዓለምን የያዘው በመናገርና በመዝፈን መካከል ያለውን ግንብ አፍርሶ በመዝፈኑ ነው። የሙሶርግስኪ ሙዚቃ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ዜማው የሩሲያኛን ንግግር መውጣት መውረድ ይከተላል። ደራሲው በ1881 ሲሞት ውጭ አገር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ሻሊያፒን ባይኖር ሙሶርግስኪ አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ፍጥነት ግን አይሆንም።

የመጀመሪያው የውጭ ግብዣ በ1901 ከሚላኑ ላ ስካላ መጣ። የአሪጎ ቦይቶ «ሜፊስቶፌሌ» ነበር፤ ቦይቶ ራሱ በሕይወት አለ፣ ኦፔራው በ1868 በዚያው ቤት ወድቆ የተነሣ ነው። ሻሊያፒን ሰይጣኑን በጣሊያንኛ፣ በጣሊያኖች ፊት ሊዘፍን ነው። የኦርኬስትራው መሪ ቶስካኒኒ፣ ቴኖሩ ካሩሶ። ሁለቱ ዘፋኞች የአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን የአንድ ወር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በየካቲት 1873 ተወልደው 28 ሞልቷቸዋል። ከመክፈቻው በፊት በገንዘብ የሚያጨበጭቡ ሰዎች አለቃ ሩሲያዊው ያረፈበት ድረስ መጣ። በዚያ ዘመን በጣሊያን ልማድ ነበር፤ የከፈለ ይጨበጨብለታል፣ ያልከፈለ ይፏጨበታል። ሻሊያፒን አባረረው፤ ወሬውም በሚላን ጋዜጦች ተናኘ። መጋቢት 16 ቀን መጋረጃው ሲከፈት ሁሉም የሚጠብቀው ቅሌት ነበር። የታየው ግን እርቃኑን የቀረበ፣ ጅማቱ የሚቆጠር፣ ከዚያ በፊት ጣሊያን አይታው የማታውቀው ሰይጣን ነው። ከመግቢያው ክፍል በኋላ አዳራሹ ፈነዳ።

እዚህ ላይ «ታዲያ በባዕድ ቋንቋ፣ በባዕድ ሥራ አሸነፈ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎ፣ አሸነፈ። ግን ማን ፊት እንደነበረ እናስተውል። ሚላን ይህን ኦፔራ ከነታሪኩ ያውቀዋል፤ ቃሉን ይሰማል፤ ዘፋኙ ምን እንደጨመረበት ወዲያው ይለያል። ስድስት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ሚና፣ ያንኑ አካል፣ ያንኑ ድምፅ ይዞ ኒው ዮርክ ሲሄድ የገጠመው ሌላ ነው።

ኅዳር 20 ቀን 1907 በሜትሮፖሊታን ኦፔራ በ«ሜፊስቶፌሌ» ታየ። ተቺዎቹ እርቃኑን ነውር አሉት፣ አተዋወኑን ወራዳ አሉት። «የሴቪሊያው ጸጉር አስተካካይ» ውስጥ የሚጫወተው ባዚሊዮ የቆሸሸና ስግብግብ መነኩሴ ሆኖ መታየቱ ጭራሽ አስቆጣቸው። በጉስታቭ ማህለር መሪነት በሞዛርት «ዶን ጆቫኒ» ሌፖሬሎን ዘፈነ፤ እሱም አላዳነውም። የኒው ዮርክ ባለሳጥን ተመልካቾች ኦፔራ ሲሉ የሚያማምሩ ድምፆችን፣ የሚያማምሩ ልብሶችን ማለታቸው ነበር፤ ጨው ያለበት፣ ላብ ያለበት ሰው መድረክ ላይ ማየት አልፈለጉም። ሻሊያፒን ቆስሎ ሄደ፤ 14 ዓመትም በዚያ ቤት አልዘፈነም።

በታኅሣሥ 1921 ሲመለስ ግን ያው ከተማ ቆሞ ተቀበለው። ሰውየው አርጅቷል፤ 48 ዓመቱ ነው፣ ከጦርነትና ከረሃብ ምድር የመጣ ነው። ምን ተለወጠ? አንደኛ፣ ኒው ዮርክ በ1913 «ቦሪስ ጎዱኖቭን» በቶስካኒኒ መሪነት በጣሊያንኛ ሰምቶ ነበርና ጆሮው ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ለእኔ የበለጠ ይመዝናል፤ በዚህ ጊዜ የመጣው የራሱን ሥራ በራሱ ቋንቋ ይዞ ነው። በዙሪያው ያሉት ሁሉ በጣሊያንኛ ሲዘፍኑ እሱ በሩሲያኛ መለሰላቸው። በወረቀት ላይ አስቂኝ ይመስላል። አዳራሹ ውስጥ ግን ቃሉን ያልተረዳ ሰው ቃናውን ተረዳ፣ ያች የማሞንቶቭ ቤት ትምህርት ናትና። ከዚያ በኋላ እስከ 1929 በየዓመቱ ሜትሮፖሊታን ይጠራው ነበር።

ስለ ቦሪስ ካነሣን ለእኛ ቅርብ የሆነች አንዲት ነገር አለች። ኦፔራው የተሠራው ከአሌክሳንደር ፑሽኪን ተውኔት ነው። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ከአቢሲኒያ ምድር የሄደ ነው የሚለውን እኛ አጥብቀን ይዘነዋል፤ ሌሎች አጥኚዎች በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያደርጉታል፣ ክርክሩም አልተቋጨም። የዘር ሐረጉ ይቆየንና፣ ሻሊያፒን ከፑሽኪን ሥራዎች የወጡ ገጸ ባሕርያትን ምን ያህል እንደተሸከመ ማየት ይበቃል፤ ቦሪስን፣ በዳርጎሚዥስኪ «ሩሳልካ» ያበደውን ወፍጮ ፈጪ፣ በሪምስኪ ኮርሳኮቭ ሥራ ምቀኛውን ሳልዬሪን፣ በራኽማኒኖቭ ሥራ አሌኮን። ትልቁ ሕልሙም ከዚሁ ስም ጋር የተያያዘ ነበር። በክራይሚያ ጉርዙፍ አጠገብ በፑሽኪን ስም የሚጠራ የባሕር ዳር ዐለት አለ፤ ሻሊያፒን እዚያ ወጣት አርቲስቶች ሰብሰብ ብለው የሚሠሩበት የጥበብ ግንብ ሊሠራ አቅዶ ነበር። አብዮቱ መጣና ዕቅዱ ወረቀት ላይ ቀረ።

ከመንግሥት ጋር የነበረው ነገር ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነው። በ1905 ሕዝቡ ሲነሣ ከቦልሾይ መድረክ የሠራተኞችን መዝሙር ዘፈነ፤ ግራ ክንፉ የእኛ ነው አለ። በጥር 1911 ደግሞ በማሪንስኪ «ቦሪስ» ሲታይ የኮረሱ አባላት ለጻር ኒኮላስ ዳግማዊ አቤቱታ ለማቅረብ ድንገት ተንበርክከው የንጉሡን መዝሙር ጀመሩ፤ መድረክ ላይ የነበረው ሻሊያፒንም ተንበረከከ። ትናንት የወደዱት ከሃዲ አሉት፤ ስድብ የሞላባቸው ደብዳቤዎች ጎረፉለት፣ ወዳጁ ጸሐፊው ማክሲም ጎርኪም ተቀየመው፣ በኋላ ግን ታረቁ። በ1918 አዲሱ የሶቪየት መንግሥት የመጀመሪያው «የሪፐብሊኩ የሕዝብ አርቲስት» ብሎ ሰየመው። በ1922 ለጉብኝት ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም።

በ1927 የሆነው ግን በጣም ያሳዝነኛል። ፓሪስ ባለው የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተራቡ ስደተኛ ልጆችን አይቶ ለቄሱ 5,000 ፍራንክ ሰጠ። ሞስኮ ገንዘቡ ለነጭ ጦር ደጋፊዎች የተሰጠ ነው ብላ ያን ማዕረጉን ገፈፈችው፣ አገሩ የመመለስ መብቱንም ነጠቀችው። ለልጆች የዳቦ ገንዘብ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀድሞ ከጎርኪ ጋር ሆኖ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ ያለ ፈቃዱ ሶቪየት ውስጥ በመታተሙ ክስ መሠረተ፤ በዚህም ከጎርኪ ጋር የነበረው የረጅም ዘመን ወዳጅነት ፈረሰ። ማዕረጉ የተመለሰለት በ1991 ነው፤ ከሞተ 53 ዓመት በኋላ።

በስደት ዘመኑ ሥራ አልጠፋም፤ እንዲያውም ተትረፈረፈ። ሶል ሁሮክ የተባለው የኮንሰርት አዘጋጅ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አዞረው። በኮንሰርቶቹ አስቀድሞ የታተመ ፕሮግራም አልነበረም። ተመልካቹ በር ላይ የዘፈኖቹ ግጥም በተራ ቁጥር የሰፈረበት መጽሐፍ ይገዛል፤ ሻሊያፒን ወጥቶ መነጽሩን አስተካክሎ ቁጥር ይጠራል፤ አዳራሹ ሙሉ ገጽ ሲገለበጥ ይሰማል፤ ከዚያ ይዘፍናል። በ1933 በኦስትሪያዊው አዘጋጅ ፓብስት ፊልም ዶን ኪኾቴን ሆኖ ተወነ። ከ1935 እስከ 1936 ማንቹሪያን፣ ቻይናንና ጃፓንን አዳርሶ ከ50 በላይ ኮንሰርት አቀረበ። ቶኪዮ ውስጥ ጥርሱን አሞት ሥጋ ማኘክ ሲቸግረው የኢምፔሪያል ሆቴል ምግብ አብሳዮች በሽንኩርት አለስልሰው የሠሩለት ጥብስ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የዘፈነው ግን ምን ነበር? ቦሪስ፣ የ1898 ሥራ። አስፈሪው ኢቫን፣ የ1896። በሌላ የሙሶርግስኪ ኦፔራ ያለው ዶሲፌይ፣ የ1897። ሜፊስቶፌሌ፣ የ1901። የሙዚቃ ደራሲው ማሴኔ ለእሱ ብሎ ጽፎለት በ1910 በሞንቴ ካርሎ የተጫወተው ዶን ኪኾቴም ከስደቱ 12 ዓመት ቀደም ያለ ነው። ከ1922 እስከ ሞተበት እስከ 1938 ባሉት 16 ዓመታት በኦፔራ መድረክ ከእነዚህ እኩል የሚቆም አዲስ ሰው አልፈጠረም። ከሞላ ጎተራ እየዛቀ ኖረ፤ ጎተራው ስለ ሰፋ ማለቁ አልታወቀም። ጥፋቱን በእሱ ላይ አልጭንም። ሜትሮፖሊታንም ሆነ የለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ይዞት ጫካ የሚወርድ ክሉቼቭስኪ፣ በአንዲት ሐረግ ላይ ቆም የሚያደርገው ማሞንቶቭ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የተሸጠ ትኬትና አጭር የልምምድ ጊዜ ነው። በትዝታው ከማዕረጉና ከንብረቱ ይልቅ የሚያንገበግበው ያ ያልተሠራው የጥበብ ግንብ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

የሠራውን መስማት ለሚፈልግ ሰው ሸክላዎቹ ብዙ ናቸው። እኔ የምመርጠው ሐምሌ 4 ቀን 1928 ከኮቨንት ጋርደን በቀጥታ የተቀዳውን «ቦሪስ» ነው። ድምፁ 55 ዓመት የሆነው ሰው ድምፅ ነው፤ የቀረጻው ጥራትም ደካማ ነው። ግን ተመልካች ፊት የቆመ ሻሊያፒን ነው። በሕመሙ ትዕይንት ልጁን ሲያናግር የት ላይ መዝፈን ትቶ መናገር እንደሚጀምር፣ የት ላይ ትንፋሹን እንደሚቆርጥ ይከታተሉ። ዛሬ ይህን ሚና የሚዘፍን ባስ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ ቢከተለውም ቢሸሸውም።

ታኅሣሥ 7 ቀን 2022 ላ ስካላ ዓመታዊ መክፈቻውን በዚሁ ኦፔራ አደረገ። ቦሪስን የዘፈነው ኢልዳር አብድራዛኮቭ ነው፤ የኡፋ ልጅ፣ ሻሊያፒን መድረክ የረገጠባት የዚያች ከተማ። በሚላን የዩክሬን ቆንስል በጦርነቱ ምክንያት ዝግጅቱ እንዲሰረዝ ጠይቆ ነበር፤ ቤቱ አልተቀበለም። የሚወዳት አገሩ ቦምብ የሚወርድባት ሰው ያን ጥያቄ ማቅረቡን እረዳለሁ፤ ቁጣው የሚገባ ነው። ቢሆንም ላ ስካላ የሙሶርግስኪን ሥራ ማሳየቱ ልክ ነበር እላለሁ፤ ኦፔራው ራሱ በደም ስለተያዘ የሞስኮ ዙፋን የሚናገር ነውና። ዘፋኙን በተመለከተ ጥያቄው ሌላ ነው፤ በገዛ አፉ ምን አለ፣ በማን ጎን ቆመ ተብሎ እየተመረመረ ይፈረድ እንጂ የተወለደበት ከተማ መከሰሻው ሊሆን አይገባም። ሻሊያፒንን በ1911 ተንበረከክህ ብለው የሰደቡት፣ በ1927 ዳቦ ሰጠህ ብለው የገፈፉት ሰዎች ይህን ምርመራ አላደረጉለትም።